የቆርቆሮ ላብ

«ሽንታቸው አልቋጥር ብሏቸዋል እኮ እባክሽ! ይኸው ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ ጧት ጧት አልጋቸው መሐሉ ላይ ርሶ ነው የማገኘው። ሰው ሲያረጅ ተመልሶ ሕፃን ይሆናል ሲሉ ውነታቸውን ነው» አለች እየሩስ። አማቷ ወይዘሮ ተሾመች ይህን የሰሙት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከሰርቪስ ክፍላቸው ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ነው። በሩም ቆርቆሮ፣ ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ እንኳን ወሬ የጎረቤት ሳልም አያስቀር። እየሩስ የምታወራው ከጎረቤቷ ከእፀገነት ጋር ነበር። ሁለቱም ጄሪካናቸውን ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ሥር አስቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ። የመንዟ ከተማ የሞላሌ ታኅሣሥ እንዲህ ነው፤ ሌሊቱን ውርጩ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ፀሐይ ወጥታ ብረቱን እስክታሞቀው ድረስ ቢለምኑትም ቢራገሙትም ጠብታ አይወጣውም። ታዲያ ሁለት ሴቶች ባዶ ጄሪካን ይዘው ቆመው ምን ይሠራሉ? ያወራሉ እንጂ!

ወይዘሮ ተሾመች የበሩን መቀርቀሪያ እንደያዙ ቀሩ። ብረቱ መዳፋቸውን እንደ እሳት ፈጃቸው፤ ብርድ ሲበዛ ከእሳት አይለይም። ቀኑ የገና ዋዜማ ነበር። እንደ ወትሮው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ለኪዳን ጸሎት ወደ ማርያም ሊወጡ ነበር፤ ዛሬ ግን ጉልበታቸው ስላሰራቸው ትንሽ ዘገዩ፣ የዘገዩትም ይህንን ለመስማት ኖሯል። አሁን በዚህ በር ወጥቶ፣ በሁለቱ መሐል አልፎ፣ «እንዴት አደራችሁ» ማለት! ኧረ ሞት ይሻላል። እፀገነት እኮ ባለፈው ሳምንት ጉልበታቸውን ስማ «እማማ ይመርቁኝ» ያለቻቸው ልጅ ናት። ኮቴያቸውን አጥፍተው ተመለሱና ከአልጋቸው ጫፍ ቁጭ አሉ። ሴቶቹ ውሃቸውን ቀድተው እስኪሄዱ እዚሁ እቆያለሁ አሉ በሆዳቸው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ሌላ ነገር ቢገባባት ሰው መውጣት አለበት። ወይዘሮ ተሾመች እዚህ የገቡት ባለቤታቸው አቶ ገሠሠ ካረፉ ወዲህ፣ በመስከረም፣ ልጃቸው ምንተስኖት «ብቻሽን አትሆኚም» ብሎ ከገጠር ሲያመጣቸው ነው። የገጠሩ ቤታቸው ጓሳ ከሚባለው ውርጫም ሜዳ ዳር ነበር። ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል፤ ማታ እሳቱ ከነደደና በጎቹ ከታች ከገቡ በኋላ ሙቀቱ እንደ ደህና እንግዳ እስኪነጋ አብሮ ያድራል። የቆርቆሮ ሙቀት ግን የሰካራም ፍቅር ነው። በቀትር ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ አናት ታፈላለች፤ ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ዞር ካለች ደግሞ አቡነ ዘበሰማያት ብለው ሳይጨርሱ ሙቀቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ከሥር ያለው ሊሾ ብርዱን በእግር ይሰድዳል፣ ከላይ ያለው ቆርቆሮ በአናት። ስለዚህ ወይዘሮ ተሾመች ማንም የመንዝ ሴት የምታደርገውን አደረጉ። በጣራውና በግድግዳው መሐል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በገለባና በጨርቅ ጠቀጠቁት፤ የምስማር ቀዳዳ ሳይቀር በጭቃ ደፈኑ። ነፋስ የሚገባበት የመርፌ ቀዳዳ አልተዉም። ከዚያ በራሳቸው በጎች ፀጉር የተሠራውን ባና ደራርበው ይተኛሉ፤ እንዲያም ሆኖ አጥንታቸው ድረስ ይበርዳቸዋል።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር መግቢያ ነው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እየሩስ ባናቸውን ፀሐይ ላይ አስጥታ አገኟት። አቀርቅራ፣ በለሆሳስ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ያለ ነው። እኔ አጥበዋለሁ» አለቻቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሲነሡ በጨለማ አልጋቸውን በእጃቸው ይዳብሳሉ። ግን ምን ዋጋ አለው? ብርድና እርጥበት በደነዘዘ እጅ አይለዩም። ቀዝቅዞ ያደረ ባና ደረቅም ቢሆን እጅ ላይ እርጥብ እርጥብ ይላል። እየሩስ እንዳለችው ነው፣ ረጥቧል ማለት ነው፣ ሥጋዬ ከድቶኛል ማለት ነው ይሉና ልባቸው ስብር ይላል። ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ባናው ገመዱ ላይ ነው። ምራታቸው አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ አታውቅም፤ ይኸው ደግነቷ ነው የባሰ የሚያቃጥላቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ ተሾመች ቆራቢ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር በስተርጅና ቆርበው፣ አቶ ገሠሠ ሲያርፉም «እንግዲህ እኔንም እንዳቆረብከኝ ውሰደኝ» ብለው ጌታን የለመኑ ሰው ናቸው። ሥጋው የሚያፈስ ሰው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይረግጥም ሲባል ነው የሚያውቁት፤ ከእናታቸውም የሰሙት እንዲሁ ነው። ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ኪዳነ ወልድስ ምን ብለው ይንገሩ? ሽንቴ ያመልጠኛል ይባላል ለካህን? ስለዚህ ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸውን በራሳቸው አገዱ። ሁለት ወር ሙሉ ከአጥሩ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆመው፣ ቅዳሴውን በጆሯቸው ብቻ እየሰሙ ይመለሳሉ። ዛሬ ሌሊት ገና ነው፤ ዛሬም እዚያው ሊሆን ነው። ይህን ባሰቡ ቁጥር እንባ ይቀድማቸዋል። ውሃ መጠጣትም ትተዋል፤ ማታ እራት ሲቀርብ አንድ ጉንጭ፣ እሷም ለመዋጫ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ምላሳቸው ከላንቃቸው ይጣበቃል።

ውጭ ወሬው አላለቀም። «ውሃ ማታ ማታ አትስጫቸው» ትላለች እፀገነት። «ውሃማ ትተዋል የኔ እህት! እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ደግሞ ሽታው!» «ምንተስኖትስ ምን ይላል?» «እሱማ ስነግረው ዝም። አንድ ቃል አይተነፍስም። እናቱ አይደሉ፣ ያፍራል መሰለኝ።» ወይዘሮ ተሾመች አይናቸውን ጨፈኑ። ልጄም ያውቃል፤ ልጄም በኔ ያፍራል። አሁንስ በቃኝ፣ ጌታዬ፣ ምን ቀረኝ አሉ።

በዚህ መሐል ፀሐይዋ ወጣች። ቆርቆሮው «ጧ!» አለ፤ ትንሽ ቆየና እንደገና «ጧ!»፤ ሌሊቱን ሲኮማተር ያደረ ብረት ሙቀት ሲነካው እንዲህ ይንጣጣል። ወዲያው ማጅራታቸው ላይ አንድ የሚቀዘቅዝ ነገር ጠብ አለባቸው። ብድግ አሉ። ምን ጉድ ነው ብለው ወደ ላይ ቢያዩ፣ የቆርቆሮው የውስጥ ፊት ከዳር እስከ ዳር ጨው እንደተነሰነሰበት ነጥቷል፤ አመዳይ! ቤት ውስጥ አመዳይ! ነጩ ነገር በአይናቸው እያዩት ሟሟ፣ ወደ ዶቃ ዶቃ ተለወጠ፣ ዶቃው በቆርቆሮው ተዳፋት ተንሸራቶ አግዳሚው ሙራሌ እንጨት ጋ ሲደርስ ተሰበሰበ፣ ጥቂት ተንጠልጥሎ ቆየና ጠብ። ጠብ። ጠብ። አንዱም አልሳተም፤ ሁሉም ባናው መሐል ላይ። መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ወደ ምላሳቸው አስጠጉና ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው አሸተቱት። ውሃ ነው። ጥርት ያለ ውሃ!

ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው በውርጭ ወራት ጓሳ ደርሰው ሲመለሱ ጢማቸው ላይ የገዛ ትንፋሻቸው በረዶ ሠርቶ ይመጡ ነበር፤ ወይዘሮ ተሾመችም «ሸመገልክብኝ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ይኸውም ያው ነው። እሳቸው ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሱት ትንፋሽ፣ ያንን ሁሉ ቀዳዳ ስለደፈኑበት መውጫ አጥቶ፣ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ተለጥፎ ይበርዳል። የሣር ክዳን ቢሆን ትንፋሹን ያሳልፈው ነበር። ጧት እሳቸው በጨለማ ወጥተው ከሄዱ በኋላ ፀሐይ ትመጣለች፣ ብረቱ ይሞቃል፣ አመዳዩ ይቀልጣል፣ ባናው ይርሳል። በሌሉበት! ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋው ወርደው ሌላ ቦታ ቆመው ሳለ ነው አልጋው የሚረጥበው! መጀመሪያ ሳቅ መጣባቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ።

በሩን በረገዱት። «እየሩስ! ነይ ወዲህ! አንቺም ነይ እፀገነት፣ አንቺም ስትሰሚ ነው ያረፈድሽው፣ መጥተሽ እይ!» አሉ። ሁለቱ ሴቶች ክው አሉ፤ ሰምተውናል ማለት ነው ብለው ፊታቸው አመድ መሰለ። እየተሸማቀቁ ገቡ። «ሽንቴ ከየት እንደሚመጣ ላሳያችሁ» አሉ ወይዘሮ ተሾመች በምርኩዛቸው ወደ ጣራው እያመለከቱ። እየሩስ ቀና ስትል አንዷ ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈች። እፀገነት አፏን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! የቆርቆሮ ላብ! እኛስ ቤት ኮርኒስ ሳይገባ ያላበን አልነበር! ሽንት ሽንት ስትይኝ ጊዜ እኮ ሽንት ነው ብዬ...» አለችና ወሬዋን ሳትጨርስ ውጭ ቧንቧው ሲንፎለፎል ሰማች። ለውሃው ይሁን ለእፍረቱ አይታወቅም፣ ሮጣ ወጣች።

እየሩስ ግን እንደ ቆመች ቀረች። የመርሐቤቴ ልጅ ናት፣ ያደገችው ቆላ፣ ዓለም ከተማ ነው። በነሱ አገር ቆርቆሮ ያቃጥላል እንጂ አያልበውም፤ እዚህም ከመጣች ሁለት ዓመቷ ቢሆንም የተኛችው የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ኮርኒስ በገባበት ክፍል ነው። «ሽታውስ እማማ? እኔ እኮ ሽታው...» አለች። «በግ ነዋ! ባና ሲረጥብ በግ በግ አይሸት? ምን ይሽተት፣ ሎሚ?» እየሩስ ጉልበታቸው ሥር ተደፋች። ይቅር ይበሉኝ እያለች ተንሰቀሰቀች። ወይዘሮ ተሾመች አነሷት። «ተይ ልጄ፣ ተነሽ። እኔ ከሣር ቤት፣ አንቺ ከቆላ። ሁለት ደንቆሮ ተገናኝተን ነው። እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔ አንቺን ምን ብዬ እቀየማለሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያልተሸናበት ባና ስታጥቢ የከረምሽ!» አሉ። ተቃቅፈው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አማትና ምራት የመጀመሪያቸው ነበር።

ያ ረፋድ ለወይዘሮ ተሾመች የገና ረፋድ ነበር። ሌሊት እቆርባለሁ! አጥሩን አልፌ፣ ደጀ ሰላሙን ስሜ፣ እገባለሁ! እየሩስ የቅዳሴ ነጠላቸውን አጥባ ገመድ ላይ ሰጣችው፤ ጠቅጥቀውት የነበረውንም ገለባ በረጅም እንጨት እየጎረጎረች አወጣችላቸው። እሳቸው ከግድግዳው ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ያሾፉባታል። በቀትር ቆርቆሮው እንደ ልማዱ ጋለ፤ ክፍሏ ደርቃ፣ ከላይ አንድ የእርጥበት ምልክት እንኳ አልቀረም፤ ባናውም ተመልሶ አልጋው ላይ ተነጠፈ። ያኔ ነው ምንተስኖት የመጣ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ዋዜማ ስለሆነ ግማሽ ቀን ውሎ ነው የተለቀቀ። ሰባት ሰው የሚያህል ድካም ተሸክሞ የሚገባ ልጅ ነው ሁልጊዜ፤ ዛሬም ጫማውን እየጎተተ እናቱን ሰላም ሊል ወደ ሰርቪሷ ገባ። እናቱ ለእየሩስ ጠቀሷት። ትንሽ ላሹፍበት፣ ከዚያ እነግረዋለሁ፣ እሱም ይሳቅ አሉ። ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ምንተስኖት፣ ልጄ፣ አልጋዬ ዛሬም ረጠበ» አሉት።

አይኑ ወደ አልጋው አልሄደም። ወደ እናቱ ፊትም አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው፣ ያቺው ሙራሌ ወዳለችበት ሄደ። እዚያ ምንም የለም፤ ጠብታ የለ፣ አመዳይ የለ፣ የጋለ ብረት ብቻ። አንድ አፍታ ነው። ከዚያ አይኑን መለሰና ሁለቱ ሴቶች ሲያዩት አየ። ወይዘሮ ተሾመች ፈገግታቸው ከንፈራቸው ላይ ደረቀ። ከእየሩስ እጅ እንጨቱ ወደቀ። ከላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል።

«ታውቅ ነበር?» አለች እየሩስ በመጨረሻ።

ምንተስኖት ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሳያገባ በፊት እዚህች ክፍል ሦስት ክረምትና በጋ እንደተኛ፣ በውርጭ ወራት ባናው ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ያድር እንደነበር በዝግታ ተናገረ። «መጀመሪያ ስትነግሪኝ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ኮርኒሱን ላሠራና እነግርሻለሁ አልኩ። ብነግርሽ እኮ በዚያው ቀን ሳሎን እናስተኛቸው ትይ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤት ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ ሌላ ማሳረፊያ የለን። ዛሬ ነገ ስል ሰነበተ። አንዴ ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ አፍ ለመክፈት ይከብዳል» አለ። ሚስቱ «እናትህን እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ሳሎኑ ባለ ኮርኒስ ነው። ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ማንም ሳይተኛበት ያድራል፤ ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ነው ያደረው።

«ከአጥር ውጭ መቆሜንስ ታውቅ ነበር?» አሉ እናቱ። ድምጻቸው ጭራሽ አልጮኸም። ምንተስኖት አቀረቀረ። «ሰዎች ነግረውኛል። የአባባ ሐዘን ነው ብዬ ነው እንጂ ለዚህ መሆኑን... እማዬ፣ በማርያም! ይቅር በይኝ» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ተሾመች የልጃቸውን አናት አዩት፤ መሐሉ ላይ መመለጥ ጀምሯል። ደክሞታል፣ ምስኪን። ልክፋበትም ቢሉ አንጀታቸው እምቢ ይላል፤ ልተወውም ቢሉ ያ አይኑ፣ ያ ወደ ላይ የሄደው አይኑ፣ ከፊታቸው አልነሣ አላቸው። «ይቅር ለእግዜር» አሉ። ማለት ያለባቸውን ነው ያሉት። ከዚያ ነጠላቸው ደርቆ እንደሆነ እየሩስን ጠየቋትና ለብሰው ወጡ።

ቄስ ኪዳነ ወልድ ከደጃቸው የድንጋይ ካብ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸው። «ወለተ ሥላሴ! ኧረ እንኳን እግርሽ ረገጠ! ምን በደልንሽ ብዬ ሰው ልልክብሽ ነበር» አሉ በክርስትና ስማቸው ጠርተው። ወይዘሮ ተሾመች መስቀል ተሳልመው አጠገባቸው ተቀመጡ። ካቡ ከጧት ጀምሮ የጠጣውን ፀሐይ በጀርባቸው ይመልስላቸዋል። ሁሉንም ነገሩ፤ ያንን ሁለት ወር ሙሉ ሊወጣቸው ያልቻለውን ቃል እንኳ ሳያፍሩ ተናገሩት። የልጃቸውን ነገር ብቻ ዘለሉት። ቄሱ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ቆርቆሮው ነዋ የሸናብሽ! ወይ ጉድ! ሁለት ወር ሙሉ ንጹሕ ሴት ደጅ ታቆም ቆርቆሮ? መጥተሽ ብትነግሪኝ ምናለበት?» ከዚያ አይናቸውን ጠራርገው ኮስተር አሉ። «በይ፣ አፍሽ ንጹሕ ነው?»

«ከትናንት እራት ወዲህ የቀመስኩት የለም።»

«እንግዲያው ሌሊት ነይና ቁረቢ። እንደ ሥርዓቱ ግን ልጠይቅሽ፤ ቂም የያዝሽበት ሰው አለ?»

ይህን ጥያቄ ወይዘሮ ተሾመች ከቆረቡ ጀምሮ ስንቴ ተጠይቀዋል! መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ «የለም አባቴ» ነው። ድንበራቸውን የገፋ ጎረቤት ነበራቸው፣ ታርቀውት ነው የመጡት። በባላቸው ሐዘን ያልደረሰ ወንድም ነበራቸው፣ እሱንም ይቅር ብለው ነው። አሁንም «የለም» ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ብለዋት ቢነሡ ሌሊት መቅደሱ ደጃፍ ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከፈቱና ዘጉት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። የተራራው ጥላ እየተሳበ መጥቶ እግራቸው ደረሰ፤ ጥላው ውስጥ የገባው እግራቸው ወዲያው በረዳቸው።

«አለ፣ አባቴ» አሉ።

«ማን ነው?»

«ልጄ።»

«ይቅርታ አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኛል። እግሬ ላይ ወድቆ ነው የጠየቀኝ። እኔም ይቅር ለእግዜር ብዬዋለሁ። ግን ከአፌ ነው የወጣው አባቴ፣ ልቤ አላለም።»

«ቅዳሴው እስኪገባ ጊዜ አለን። ሂጂና ልብሽን ለምኚው፣ ልጅ ነው፣ የአብራክሽ ክፋይ ነው» አሉ ቄሱ።

ወይዘሮ ተሾመች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እለምነዋለሁ። ሌሊት ግን እዚያው ጥዱ ሥር ነኝ» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ ሳይገባኝ ነው ውጭ የቆምኩት። የሚገባኝስ ዛሬ ነው።»